በአገራችን ስም የሰመጡ መርከቦች
በሮም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከፒያሳ ዴል ፖፖሎ ተነሥታችሁ የቴቬሬን ወንዝ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ጥቂት ብትራመዱ፣ ሉንጎቴቬሬ ዴሌ ናቪ በሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ሁለት ትልልቅ የመርከብ መልሕቆች ደጁን ይጠብቃሉ። መልሕቆቹ የጣሊያን አይደሉም፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሮ ሐንጋሪ የጦር መርከቦች፣ ከቪሪቡስ ኡኒቲስና ከቴጌትሆፍ፣ የተወሰዱ ናቸው። ሕንፃው በ1928 የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሆኖ የተመረቀ ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የንግግሬ ርእስ መርከቦች ሰርጓጅ መርከብን የሚያጠቁበት መሣሪያ ታሪክ ነው። ይህን ርእስ ስናገር አንድ ወዳጄ «ባሕር የሌለን ሰዎች ይህ ምን ይመለከተናል?» አለኝ። ጥያቄው አግባብ አለው። መልሴ ግን ያ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠቅላይ መምሪያ፣ ሱፐርማሪና የሚባለው፣ እዚያ ነበር። እዚያ የነበሩት መኮንኖች ለሰርጓጅ መርከቦቻቸው ትእዛዝ ሲጽፉ፣ የት ደረሱ ብለው ሲጠያየቁ፣ የሚጠሯቸው ስሞች እነዚህ ነበሩ፦ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ መቀሌ፣ ነገሌ፣ አላጂ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ደገሐቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። ከኤርትራ ቤይሉል፣ ከሶማሊያ በኩል ላፎሌ፣ ዋርሼክ፣ ዱርቦ። ባጠቃላይ 17 ናቸው። በመጀመሪያይቱ ስም «የአድዋ ምድብ» ይባላሉ።

በ1936 እና በ1938 መካከል ወደ ውሃ የገቡ መካከለኛ መርከቦች ናቸው። ርዝመታቸው 60 ሜትር፣ ክብደታቸው ውሃ ላይ ሲሆኑ 700 ቶን ገደማ፣ ሲጠልቁ 850 ገደማ። ስድስት የቶርፔዶ ማስወንጨፊያና አንድ የ100 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራቸው። ሲሠሩ የተፈቀደላቸው ጥልቀት 80 ሜትር ነው፤ ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች። አርባ አምስት የሚያህል ሰው ይኖርባቸዋል፤ አብዛኛው ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆነ ጎረምሳ።

ስሞቹ ለምን ተመረጡ? ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አድዋ ለፋሺስቶች በ1896 የተሸነፉባት ሳትሆን በኦክቶበር 1935 የያዟት ከተማ ነበረች። አምባ አላጂና መቀሌም እንደዚሁ ያረጀ ቁስል ናቸው። አራዳም በፌብሩዋሪ 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር የተመታበት አምባ ነው። አሸንጌ ደግሞ ከማይጨው በኋላ የሚያፈገፍገው ሠራዊታችን በሐይቁ ዳር ከአየር መርዝና ቦምብ የወረደበት ቦታ ነው። ያንን ሐይቅ ስሙን ቀምተው በብረት ላይ ጻፉት። ችኮላቸው ደግሞ ያስቃል። ጎንደር፣ አሸንጌና ነገሌ ተብለው መጀመሪያ የተሠሩትን ሦስቱን በ1937 ለብራዚል ሸጧቸው፤ ከዚያ ስሞቹ እንዳይቀሩ ሌሎች ሦስት ሠርተው እንደ ገና ጎንደር፣ አሸንጌ፣ ነገሌ አሏቸው።

ይህ የስም ነገር በባሕር ብቻ አልቀረም። በቪያሌ ኤትዮጵያና በቪያሌ ኤርትራ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሠፈሩ ራሱ «የአፍሪካ ሠፈር» ነው የሚባለው። ሳን ጆቫኒ አጠገብ ያለው ጎዳና አምባ አራዳም ነው። ጣሊያኖች ትርምስምሱ ለወጣ ነገር «አምባራዳን» የሚሉትም ከዚያው አምባ የመጣ ቃል ነው። ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤት ይሰሙታል።

አሁን ወደ መሣሪያው።

ሰርጓጅ መርከብ አንዴ ከጠለቀ መድፍ አይነካውም። ጥይት ውሃ ሲመታ ጉልበቱን ወዲያው ይጨርሳል። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር የጦር መርከብ ያለው ምርጫ ብቅ ሲል መተኮስ ወይም በአፍንጫው ገጭቶ መውጣት ነበር። እንግሊዞች የጥልቀት ፈንጂ የሚባለውን ወደ ሥራ ያገቡት በ1916 ነው። ዲ የተባለው ዓይነት 136 ኪሎ ፈንጂ ይዞ ነበር።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በሁለተኛው ጦርነት እንግሊዞች የተጠቀሙበት ማርክ 7 የሚባለው፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ የብረት በርሜል ነው። ክንፍ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ ሹል አፍ የለውም። ከሩቅ ያየው ሰው የኑግ ዘይት የተሞላ በርሜል ቢለው አይፈረድበትም። ሙሉ ክብደቱ 190 ኪሎ፣ ከዚያ ውስጥ ፈንጂው 130 ኪሎ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር መሐሉን የሚበሳ ቱቦ አለው። በአንዱ ጫፍ ፒስቶል የሚሉት የግፊት መሣሪያ ይገባል። መርከበኛው በቁልፍ አዙሮ በስንት ጫማ ጥልቀት እንዲፈነዳ ይወስናል። በርሜሉ ባሕር ውስጥ ሲጣል ውሃ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፤ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የአየር ክብደት ይጨምራል። ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ሞላው ይለቀቅና መርፌው ይመታል። መሣሪያው መርከቡን አያይም፣ አይነካም፣ አያሸትም። የሚያውቀው ጥልቀቱን ብቻ ነው።

በርሜሎቹ ከመርከቡ ኋላ ካለ ሐዲድ ላይ እየተንከባለሉ ይወድቃሉ። በ1917 ደግሞ ወደ ጎን የሚወረውር መሣሪያ መጣ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ አምስት ወይም አሥር በርሜል በሰፊ አካባቢ ይበተናል። መበተን ያስፈለገው ውሃ በቀላሉ ስለማይጨመቅ የፍንዳታው ምት እንደ መዶሻ ቢሄድም፣ የመርከብን ቅርፊት ለመቅደድ ግን ከ6 እስከ 10 ሜትር ድረስ መቅረብ ስላለበት ነው። ከዚያ ከራቀ አምፑል ይሰብራል፣ ቧንቧ ያላላል፣ ሰው ያደነቁራል እንጂ አይገድልም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። እንግሊዞች አስዲክ የሚሉት፣ ዛሬ ሶናር የምንለው መሣሪያ፣ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይሰማል። ድምፁ ግን ወደ ፊት ነው የሚሄደው። መርከቡ በሰርጓጁ ላይ ሊወጣ 150 ወይም 200 ሜትር ሲቀረው ማሚቶው ይጠፋል። የመጨረሻውን መንገድ የሚሄደው ዐይኑን ጨፍኖ ነው። በርሜሉ ከተጣለ በኋላ ደግሞ በሰከንድ ሦስት ሜትር ብቻ ነው የሚሰምጠው። ያቺን 80 ሜትር አስታውሱ። በርሜሉ እዚያ ለመድረስ 27 ሰከንድ ይፈጅበታል። በእነዚያ 27 ሰከንዶች ውስጥ በሰከንድ ሁለት ሜትር የሚሄድ ሰርጓጅ 54 ሜትር ርቋል፤ አዛዡ ነቃ ካለ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚርቀው። በጨለማ ጎተራ ውስጥ የምትሮጥ አይጥን ከጣሪያ ላይ ድንጋይ እየለቀቁ ለመግደል እንደ መሞከር ነው፤ ያውም ድንጋዩ መሬት ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅበት።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። እንግሊዞች በጦርነቱ ዘመን 5,174 ጊዜ በጥልቀት ፈንጂ አጥቅተው የገደሉት 85.5 ሰርጓጅ ነው። ግማሽ ሰርጓጅ የሚሞት አይምሰላችሁ፤ አንዱ ግዳይ ለሁለት መሣሪያ ሲካፈል ግማሽ ይቆጠራል። በአማካይ ስድሳ ጊዜ ሞክረው አንዴ ነው ያገኙት።

እንግዲህ መሣሪያው ይህን ያህል ዕውር ከሆነ፣ የአድዋ ምድብ መርከቦች ለምን እንደ ቅጠል ረገፉ? ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ጥያቄ ነው። መልሱን ከቀይ ባሕር ልጀምር።

ጣሊያን ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ስታውጅ በምጽዋ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ምጽዋን ከመካከላችሁ የምታውቁት አላችሁ፤ በኋላ የእኛ ንጉሠ ነገሥታዊ ባሕር ኃይል የተቋቋመባት ወደብ ናት። ሙቀቷን መናገር አያስፈልገኝም። በዚያ ሙቀት በታሸገ ብረት ውስጥ ለመኖር የአየር ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ማቀዝቀዣዎቹ የሚሠሩት ደግሞ ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ነበር። ጋዙ ከቧንቧው ሲያመልጥ ሽታው ብዙ አይታወቅም፤ የተነፈሰው ሰው ግን እንደ ሰከረ ይሆናል፣ ይቃዣል፣ ያብዳል፣ ይሞታል። መቀሌ የተባለችው ሰርጓጅ ያለቀችው በዚህ ነው። ሠራተኞቿ በጋዝ ተመርዘው አቅጣጫ ስተው፣ ጁን 15 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ማዶ ባለች ባር ሙሳ ከቢር በምትባል ደሴት ድንጋይ ላይ ወጣች። አንድም የጠላት መርከብ አልነካትም።

ከአራት ቀን በኋላ በኤደን አጠገብ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የተባለችው ተራዋ ሆነ። ይህች ከአድዋ ምድብ ትበልጣለች፣ ሁለት መድፍ አላት። ያገኘቻት ሙንስቶን የምትባል፣ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አስታጥቀው የጦር መርከብ ያሏት የእንግሊዝ ትንሽ መርከብ ናት። ሙንስቶን ጥቂት በርሜል ጣለች። በርሜሎቹ ቅርፊቷን አልቀደዱትም። ውስጥ ያሉት ግን ቀድሞውኑ በጋዝ ተዳክመዋልና አዛዡ ብቅ ብሎ በመድፍ መዋጋትን መረጠ። ውጊያው አጭር ነበር። አዛዡና አብረውት ላይ የነበሩት መኮንኖች ወደቁ፣ ነጭ ጨርቅ ተውለበለበ። ሙንስቶን ትንሽ ስለሆነች ምርኮዋን ራሷ መያዝ አቅቷት ካንዳሃር የምትባለው አጥፊ መርከብ እስክትደርስ ጠበቀች። ሰርጓጇን ከነወረቀቷ ወደ ኤደን ጎተቷት።

ቁም ነገሩ ወረቀቷ ነው። ከእሷ በተገኙት ሰነዶች የሌሎቹ መጠበቂያ ቦታ ታወቀ። ጁን 23 ቀን ቶሪቼሊ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ በሦስት አጥፊ መርከቦችና በአንድ ትንሽ ተከላካይ መርከብ ተከበበች፤ አዛዧ ሳልቫቶሬ ፔሎሲ በአንዲት መድፍ ተዋግቶ መርከቡን ራሱ አሰጠማት። ወዲያው ጋልቫኒ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተመታች። በአሥር ቀን ውስጥ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ። የተረፉት አራቱ በ1941 መጀመሪያ ምጽዋ ልትወድቅ ስትቃረብ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ።

ስለዚህ በርሜሉ ዕውር ቢሆንም፣ አብሮት የሚሠራ ዐይን ነበረው። ይኸው ነገር በሜዲትራንያን ተደገመ። ኦክቶበር 18 ቀን 1940 በጅብራልታር በስተ ምሥራቅ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከውሃው የሚወጣ አረፋና ዘይት አዩ። ፋየርድሬክና ሬስለር የሚባሉት መርከቦች ከታች ባለችው ዱርቦ ላይ በርሜል ጣሉ። ዱርቦ ተጎድታ ወጣች፤ ሰዎቿ ሳትሰምጥ ሲወርዱ እንግሊዞች ዘለው ገብተው ወረቀት ያዙ። በሁለተኛው ቀን ላፎሌ የት እንዳለች አውቀው ሄዱባት። ከላፎሌ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

የሌሎቹን ዕጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዋቢ ሸበሌ ጦርነቱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከቀርጤስ አጠገብ በእንግሊዝ አጥፊ መርከቦች። ነገሌ በጃንዋሪ 1941 በኤጂያን ባሕር በግሬይሃውንድ፣ አንድ ሰው ሳይተርፍ። ተምቤን በኦገስት 1941 ሄርሚዮን የምትባል ክሩዘር ገጭታት፤ የ1914ቱ ዘዴ አልሞተም ነበር። አድዋ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1941 ከአልጄሪያ በስተ ሰሜን በጉርካና በሊጅን፣ እሷም ከነሰዎቿ በሙሉ። ደገሐቡር በኦገስት 1942 በሌሊት ወልቨሪን ገጭታት፤ ወልቨሪንም አፍንጫዋ ጠፍጥፎ ቀረ። ደሴ በኖቬምበር 1942 በአልጄሪያ ጠረፍ በአውስትራሊያዋ ኪቤሮንና በእንግሊዟ ኩዌንቲን። ዋርሼክ በዲሴምበር 1942 በፔታርድና በግሪኳ ቫሲሊሳ ኦልጋ። አሸንጌ በጁላይ 1943 በሲሲሊ በአውጉስታ ፊት።

የፔታርድን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህች አንዲት መርከብ በጦርነቱ የጀርመንን፣ የጣሊያንንና የጃፓንን ሰርጓጆች በማስመጥ የተካፈለች ብቸኛዋ ናት። ከጀርመኗ ዩ 559 ከመስመጧ በፊት የተወሰዱት የምስጢር መጻሕፍት የጀርመን ባሕር ኃይልን ምስጢራዊ ጽሕፈት ለመፍታት ረድተዋል፤ እነዚያን መጻሕፍት ያወጡት ሁለት መርከበኞች ከሰርጓጇ ጋር አብረው ሰመጡ።

ጎንደርን ለብቻዋ ያስቀረኋት በምክንያት ነው። ጎንደርና ሽሬ የተለዩ ነበሩ። መድፋቸውን አውልቀው በጀርባቸው ላይ ትልልቅ ሲሊንደሮች ተገጠመላቸው፤ በየሲሊንደሩ ውስጥ ጣሊያኖች ማያሌ፣ ማለትም አሳማ፣ የሚሏት ሁለት ሰው እንደ በቅሎ የሚቀመጥባት ቀስ ብላ የምትሄድ ቶርፔዶ ነበረች። ማየት የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይደለም፤ ፒያሳ ቬኔዚያ ያለው ቪቶሪያኖ ሥር፣ የሰንደቅ ዓላማዎች ሙዚየም ውስጥ አንዷ አለች። አጠገቧ ብትቆሙ የምትገርማችሁ ጦሯ ሳይሆን ወንበሯ ነው። ሰው በክረምት ባሕር ውስጥ በዚያች ላይ ተቀምጦ ሰዓታት ሄዷል።

ጎንደር በሴፕቴምበር 1940 ሦስት አሳማዎች ይዛ ወደ አሌክሳንድርያ ሄደች። ስትደርስ የእንግሊዝ መርከቦች ከወደቡ ወጥተዋል፣ ተመለሺ ተባለች። ስትመለስ ስቱዋርት የምትባለው የአውስትራሊያ አጥፊ መርከብ በአስዲክ አገኘቻት። ሌሊቱን ሙሉ በርሜል ጣለችባት። አንድም በርሜል በቀጥታ አልገደላትም፤ ግን እያንዳንዱ አንድ ነገር ይሰብራል፣ ውሃ ያስገባል፣ አየር ይቀንሳል። ሲነጋ አዛዡ ብቅ እንድትል አዘዘ። ሠራተኞቿ እያሰጠሟት ዘለሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተረፉ። ከተማረኩት አንዱ አሳማዋን ከፈጠሩት ሁለት መኮንኖች አንዱ፣ ኤልዮስ ቶስኪ፣ ነበር። ስድሳ ሙከራ ለአንድ ግዳይ ያልኳችሁ ቁጥር የማያሳየው ይህን ነው። የጥልቀት ፈንጂ የታሰረን ሰው በር ደጋግሞ እንደ መደብደብ ነው፤ በሩ ባይሰበርም ውስጥ ያለው ይከፍታል።

ሽሬ የጎንደርን ሥራ ፈጸመች። በዲሴምበር 1941 በዩኒዮ ቫሌሪዮ ቦርጌዜ አዛዥነት ሦስት አሳማዎች በአሌክሳንድርያ አፍ ለቀቀች፤ ስድስት ሰዎች ገብተው ቫሊያንትና ኩዊን ኤልዛቤት የተባሉትን ሁለት ግዙፍ የጦር መርከቦች ወደቡ ውስጥ ቁጭ አደረጓቸው። ጀግንነት ነው፤ ጠላትም ቢሆን የሠራው ሥራ ይነገርለታል። በኦገስት 1942 ወደ ሃይፋ ስትሄድ ግን እንግሊዞች መልእክቷን አንብበው ጠብቀዋታል። አይላ የምትባል፣ እንደ ሙንስቶን ያለች ዓሣ ማጥመጃ መሰል ትንሽ መርከብ በርሜል ጣለችባት። 60 ሰዎች አብረዋት ሰመጡ። በ1984 የጣሊያን ባሕር ኃይል የ42ቱን አጽም አውጥቶ በባሪ ወታደራዊ መካነ መቃብር አሳረፈ። በሽሬ ስም ከሞቱት ከእነዚህ ልጆች ሽሬ የት እንዳለች በካርታ ላይ የሚያውቁ ስንት ይሆኑ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ቦርጌዜ ራሱ ከ1943 በኋላ ከሙሶሊኒ ጋር ቀርቶ ስሙን አበላሸ፤ ያ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

የመሣሪያው ታሪክ በበርሜል አላበቃም። እንግሊዞች ያንን ዐይን የሚጨፈንበትን 200 ሜትር ለመዝጋት በ1942 ጃርት የሚሉትን አወጡ። ስሙ ትክክለኛ ነው፤ 24 ቦምቦች የተተከሉባቸው ዘንጎች ከመርከቡ ፊት የጃርት እሾህ መስለው ይቆማሉ። ቦምቦቹ ወደ ፊት 200 ሜትር ያህል ተወርውረው በክብ ይወድቃሉ። ሰርጓጁ አሁንም በአስዲክ እየታየ ነው የሚተኮሱበት። እያንዳንዱ ቦምብ 16 ኪሎ ብቻ ፈንጂ ይዟል፤ ሆኖም ብረት ካልነካ አይፈነዳም። ከፈነዳ መቷል፣ ካልፈነዳ ስቷል፤ ባሕሩም በከንቱ ፍንዳታ አይታወክም፣ አስዲኩም አይደነቁርም። በ268 ጥቃት 47 ግዳይ ጣለ፤ ስድሳ ለአንድ የነበረው ስድስት ለአንድ ሆነ። ከዚያ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ሦስት አፈሙዝ መጣ፤ ቦምቡ የሚፈነዳበትን ጥልቀት ሶናሩ ራሱ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ያስተካክልለታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ እርምጃ ጃርት ነው። ስኩዊድ የጃርትን ሐሳብ በትልቅ ቦምብ አበለጸገው እንጂ አዲስ አልፈጠረም። አብዛኞቹ የአድዋ ምድብ መርከቦች ግን በአሮጌው በርሜልና በመገጨት ነው ያለቁት።

ጣሊያኖችስ? እነሱ ጦርነቱን ሲጀምሩ አብዛኞቹ መርከቦቻቸው ሶናር አልነበራቸውም። በማዳመጫና በዐይን ነበር የሚያድኑት። እንዲያም ሆኖ ቺርቼ የምትባል አንዲት ትንሽ የቶርፔዶ ጀልባ በአራት የእንግሊዝ ሰርጓጆች መስመጥ ተካፍላለች፤ በፌብሩዋሪ 1942 ፒ 38ን ያገኘችው ጀርመኖች በሰጧት ሶናር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሜኖን የሚባለውን የራሳቸውን ወርዋሪ ሠሩ። አፈሙዙ 305 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ እንደ እንግሊዝ ስኩዊድ። በቼንታውሮ ምድብ መርከቦች ላይ ባለ ሦስት አፈሙዙ፣ በቤርጋሚኒ ምድብ ላይ ባለ አንድ አፈሙዙ ተተከለ። ያሰመጧቸው ያስተማሯቸውን ተማሩ ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ በአብዛኛው በሄሊኮፕተርና ዒላማዋን ራሷ በምትፈልግ ቶርፔዶ ተተክተዋል።

አሁን ከ17ቱ የቀሩኝን ልቁጠርላችሁ። 12ቱን መርከቦች አሰመጧቸው። መቀሌ በድንጋይ ላይ ቀረች። አራዳምና ቤይሉል በሴፕቴምበር 1943 ጣሊያን እጅ ስትሰጥ በጀርመኖች እጅ ወድቀው በ1944 በአውሮፕላን ቦምብ ጠፉ። አክሱም የሁሉም ዕድለኛ ነበረች። ኦገስት 12 ቀን 1942 ምሽት ወደ ማልታ በሚሄደው የእንግሊዝ ጉዞ ላይ አዛዧ ሬናቶ ፌሪኒ አራት ቶርፔዶ ተኮሰ፤ በአንድ ተኩስ ሦስት መርከብ መታ፦ ናይጄሪያና ካይሮ የሚባሉትን ሁለት ክሩዘሮችና ኦሃዮ የምትባለውን የነዳጅ መርከብ። ካይሮ ሰመጠች፤ ኦሃዮ ግን እየተደገፈች ማልታ ደረሰች። ያን ምሽት እውነተኛዋ አክሱም ምን ላይ ነበረች? ሐውልቷ እዚህ ሮም፣ ዛሬ ፋኦ ባለበት በፖርታ ካፔና አደባባይ በምርኮ ቆሞ ነበር። ሰርጓጇ አክሱም ከጣሊያን መገልበጥ በኋላ ለአጋሮቹ ስትሠራ በዲሴምበር 1943 በግሪክ ጠረፍ መሬት ላይ ወጣች፤ ሰዎቿ ራሳቸው አጠፏት።

አንዲት ቀረች፤ አላጂ። አላጂ በስሕተት የገዛ ወገኗን አጥፊ መርከብ ኡሶዲማሬን አስምጣለች፤ ግን እሷን ማንም አላሰጠማትም። ስሟን የሰጣት ተራራ በ1895 የጣሊያኑ አዛዥ ቶዜሊ የተሸነፈበት፣ በሜይ 1941 ደግሞ ሌላው የጣሊያን አዛዥ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት ነው።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በፓሪስ የሰላም ውል ተፈረመ። ውሉ ጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ እንዳይኖራት ይከለክላል። ይኸው ውል በ37ኛው አንቀጽ ከኦክቶበር 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ፣ የሃይማኖትና የታሪክ ዕቃዎች በሙሉ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዛል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ቶሎ ተፈጸመ፤ አላጂ በ1948 ከመዝገብ ተሰርዛ ለብረት ተቆራረጠች። ሁለተኛው ግን ዘገየ፤ የአክሱም ሐውልት የመጨረሻ ቁራጭ በአውሮፕላን አክሱም ያረፈው በኤፕሪል 2005 ነው።